ባርባራ ክዋስት፦ ከአዲስ አበባ ቤቶች የተነሳ የእናቶች ጤና ጥናት

ባርባራ ክዋስት ሆላንዳዊት አዋላጅና ተመራማሪ ናቸው። ፊስቱላ (በተራዘመ ምጥ ሳቢያ የሚመጣ፣ ሽንት የማያስቋጥር ጉዳት) ሲነሳ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል መሥራቾችን ሐምሊኖችን የማይጠቅስ የለም። ክዋስትን ግን ከሕዝብ ጤና ባለሙያዎች ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ዋና ዋና ጽሑፎቻቸው የታተሙት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ሲሆን፣ መነሻቸው አዲስ አበባ ናት።

በደርግ ዘመን በከተማዋ ስንት እናት በወሊድ ምክንያት እንደምትሞት በእርግጠኝነት መናገር ይከብድ ነበር። የሆስፒታል መዝገብ የሚያውቀው ሆስፒታል የደረሰችውን ብቻ ነው። ቤቷ የሞተችው አትቆጠርም። ክዋስትና ባልደረቦቻቸው ስለዚህ ቤት ለቤት ዞሩ። ከመስከረም 1974 ዓ.ም. ጀምሮ ያሉትን ሁለት ዓመታት የሸፈነው ጥናት ከ32 ሺህ በላይ ቤቶችን አዳርሷል። የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1985 በኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል፣ ሰፋ ያለው ደግሞ በዓመቱ በውጭ መጽሔት ወጣ።

የተገኘው ቁጥር በ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 566 የእናት ሞት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ አነጋጋሪው ምክንያቱ ነበር። ቀዳሚው ገዳይ ፅንስ ማቋረጥ ያስከተለው ጉዳት ሆኖ ተገኘ። ይህን የማዋለጃ ክፍል መዝገብ ሊያሳይ አይችልም፤ በድብቅ ያስወረደች ልጅ እዚያ ክፍል አትገባም። ቤተሰቧም ቢሆን «ሆዷን አሟት ሞተች» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በኔ ግምት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፤ ጥያቄውን ከሆስፒታል አውጥቶ ሰው ቤት ወስዶታልና።

አንዳንዶች 566ን ከኋለኞቹ አገር አቀፍ ቁጥሮች ጋር ያነጻጽራሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳው እ.ኤ.አ. በ2000 ቁጥሩን 871፣ በ2016 ደግሞ 412 ብሏል። አንዱ የአንድ ከተማ፣ ሌላው የአገር ነው፤ የአቆጣጠር ዘዴያቸውም ይለያያል። ጎን ለጎን አስቀምጦ «ጨመረ፣ ቀነሰ» ማለት አያስኬድም።

እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ክዋስት ለሞት የሚያጋልጡ ሁኔታዎችን የመረመረ ጽሑፍ ከሌላ ተመራማሪ ጋር አሳተሙ። በ1993 ከሐኪሙ ጆን ኬሊ ጋር የጻፉት በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል የታከሙ ሴቶችን የሚመለከት ነው። ምጥ ለቀናት ሲራዘም የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን ገላ ከአጥንት ጋር ይጫነዋል። ደም ያጣው ክፍል ይሞትና ይበሳል፤ ሽንትም ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ብዙዎቹ የተጎዱት የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ነው።

ክዋስት ወደ ዓለም ጤና ድርጅት ሲሄዱ ያተኮሩበትም ይኸው የተራዘመ ምጥ ነበር። መሣሪያው አንድ ወረቀት ነው፤ ፓርቶግራፍ። የምጥ ሂደትን በመስመር የማሳየቱን ሐሳብ አሜሪካዊው ሐኪም ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1954 አመጡት። የዛሬዋ ዚምባብዌ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ፊልፖትና ካስል ደግሞ በ1972 ሁለት መስመሮች ጨመሩበት። አዋላጇ የማህጸን በር ስንት ሴንቲሜትር እንደተከፈተ እየለካች ወረቀቱ ላይ ምልክት ታደርጋለች። በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ካልሄደ ምልክቱ የማስጠንቀቂያውን መስመር ይሻገራል። ከዚያ በአራት ሰዓት ርቀት ላይ የእርምጃ መስመር አለ። ጤና ጣቢያ ላይ ላለች አዋላጅ የመጀመሪያው መስመር «ሪፈር የማድረጊያው ሰዓት ደርሷል» ማለት ነው።

ድርጅቱ ወረቀቱን በኢንዶኔዥያ፣ በማሌዥያና በታይላንድ ሆስፒታሎች በ35,484 ሴቶች ላይ ፈተነ። ከ18 ሰዓት የበለጠ ምጥ ከ6.4 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት መስጠትም ከ20.7 ወደ 9.1 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1994 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው በድርጅቱ ስም ነው። ክዋስት ትልቅ ድርሻ ቢኖራቸውም፣ ሥራቸውን በስማቸው ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዋናው ጽሑፍ ላይገኝ ይችላል። የተቋም ሠራተኛ ዕጣ ነው።

የቀሩት ጽሑፎች ለሥራ ባልደረቦቻቸው የተጻፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሚድዋይፈሪ በተባለው መጽሔት ስለ ደም መፍሰስ፣ ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ኢንፌክሽንና በእርግዝና ስለሚከሰት የደም ግፊት ተራ በተራ ጽፈዋል። ማዘርኬር በተባለው የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ሲሠሩ ደግሞ በገጠር አዋላጅ የመመደብን ጉዳይ ደጋግመው አንስተዋል። ሐኪም እስኪመጣ የማይጠብቅ ሥራ ስለሆነ አዋላጇ ሥልጠናውም ሥልጣኑም ይኑራት ባይ ናቸው።

ፓርቶግራፉ ራሱ ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር የሚለው ልኬት ለብዙ ጤነኛ ሴቶች የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው አዲስ ቅጽ ሁለቱ መስመሮች የሉም። ንቁው የምጥ ጊዜ የሚቆጠረው ከ5 ሴንቲሜትር ጀምሮ ሲሆን፣ ወላዷ አጠገቧ ሰው መኖሩና ፈሳሽ መጠጣቷ የሚሞላበት ቦታም ተጨምሮበታል።