ዕድር፦ ለቀብር ተቋቁሞ ለኑሮ የሚደርስ ማኅበር

አዲስ አበባ ውስጥ በድሮ ሰፈር ያደገ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ገና ጎህ ሳይቀድ ጡሩንባ ይነፋል። ለፋፊው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ይናገራል። የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድስቱ ተጥዷል። ሐዘንተኛው ቤተሰብ ለዚህ ሁሉ ማንንም አልለመነም። ሁሉም ተራውንና ሥራውን ያውቃል።

ይህን የሚያደርገው ዕድር ነው። እድር ብሎ የሚጽፈውም አለ። ሰዎች በፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ በየወሩ መዋጮ እያወጡ፣ ሞት ሲመጣ በገንዘብም በጉልበትም የሚደራረሱበት ማኅበር ነው። እቁብ ለገንዘብ ነው፤ ማኅበርና ሰንበቴ ለጽዋና ለዝክር፤ ደቦ ለእርሻ። ዕድር ለክፉ ቀን ነው። ክፉ ቀን ደግሞ ሞት ብቻ ስላልሆነ የዕድር ሥራ ከጊዜ ወደ ጊዜ ሰፍቷል። በአገራችን ስለ በጎ ፈቃድ ሥራ፣ ስለ ሥልጠናውና ስለ ገንዘቡ የሚያወራ ሰው ከዕድር ቢጀምር ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በጣም የተለመደው የሰፈር ዕድር ነው። የመሥሪያ ቤት ዕድር አለ፣ የጓደኛሞች አለ፣ የቤተሰብ አለ፣ ከአንድ አገር የመጡ ሰዎች የሚያቋቁሙት አለ፣ የሴቶች ዕድር አለ። አንድ ሰው የሁለትና የሦስት ዕድር አባል ሆኖ ማየት ብርቅ አይደለም። የሰፈር ዕድር አብዛኛውን ጊዜ ሃይማኖት አይለይም። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ቀብር፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ይሸኛል።

ዕድርን ለማወቅ ግን የወር ስብሰባውን ማየት ነው። ብዙዎቹ የሚሰበሰቡት እሑድ ጠዋት ነው። ቦታው የዕድሩ ቤት ወይም ግቢ ነው፤ ከኋላው ዕቃ ቤቱ አለ። ውስጡ የተጠቀለለ ድንኳን፣ ቋሚና ማገር፣ የተደራረበ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ጆግ፣ ትሪ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰሃንና ብርጭቆ ይገኛል። ከፊት ለፊት ጠረጴዛ አለ። ዳኛው መሐል ይቀመጣል፤ ጸሐፊው በአንድ በኩል፣ ገንዘብ ያዡ በሌላ በኩል። ስም ይጠራል። «አቤት» የሚል ወጥቶ ይከፍላል፣ በደብተሩ ላይ ይፈረምለታል። የቀረ ይቀጣል። ቀብር ያልሸኘም ይቀጣል። ተደጋግሞ ያልከፈለ በደንቡ መሠረት ይሰረዛል። ያቺ በመስመር የተከፋፈለች ትልቅ መዝገብ የዕድሩ ነፍስ ናት። ዳኛ ይቀየራል፣ ገንዘብ ያዥ ይቀየራል፣ መዝገቧ ትቀጥላለች። እነዚህ ሹማምንት ደመወዝ የላቸውም። ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር የሚከፈለው ለለፋፊውና ለዕቃ ጠባቂው ነው።

ክፍያው ደረጃ አለው። ለአባሉ ወይም ለትዳር ጓደኛው ሞት የሚሰጠው ከፍ ይላል። ለልጅና ለወላጅ ሌላ ነው፤ ለወንድም፣ ለእህትና ለአማት እየቀነሰ ይሄዳል። ወላጅ ክፍለ ሀገር ከሞተ አባሉ ምስክር ወይም ማስረጃ ያቀርባል። አዲስ ገቢ መግቢያ ይከፍላል። መግቢያው ዝም ብሎ የተቆረጠ ዋጋ አይደለም። ድንኳኑም ድስቱም የባንኩ ገንዘብም የነባሮቹ ላብ ስለሆነ፣ አዲሱ ሰው ድርሻውን እንዲያሟላ ነው። ሒሳቡን አስቡት። ማንም የኢንሹራንስ ባለሙያ ሳያማክራቸው ጡረተኞችና ባለሱቆች ራሳቸው ያወጡት ሥርዓት ነው።

ገንዘቡ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ሰው ነው። ሴቶቹ እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ሐዘንተኛዋን ያቅፋሉ። ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወቱ ያመሻሉ፤ የሚያድርም አለ። ከሩቅ ለሚያይ ጨዋታ ይመስላል። ሐዘንተኛው ቤት ግን ለሦስት ቀን ባዶ አይሆንም። አባቴ የሞተ ጊዜ ከሁሉ የማስታውሰው ይህንን ነው። ሌሊት ስነቃ ከድንኳኑ የሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ መልሼ እተኛለሁ። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ይህን በራሱ ቋንቋ ሊያስረዳ ይችላል። እኛ ማስተዛዘን እንለዋለን።

ስለ አመጣጡ አጥኚዎች አንድ አይደሉም። ብዙዎቹ የሚስማሙት ዕድር ዛሬ በምናውቀው መልኩ የሃያኛው ክፍለ ዘመን የከተማ ልጅ መሆኑን ነው። ሰው ከገጠር ወደ አዲስ አበባ ሲፈልስ ዘመድ በሌለበት ከተማ ማን ይቅበረኝ የሚል ጭንቀት ነበረው። በተለይ የጉራጌ ተወላጆች ስም በዚህ ታሪክ ተደጋግሞ ይነሳል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ችግሩ ሲበረታ ዕድርም እንደበረታ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ወደ ትንንሽ ከተሞችና ወደ ገጠሩ ተዛመተ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ድንጋጌ ሲያስገባ፣ ከዕድሮች የተወሰኑት መተዳደሪያ ደንባቸውን ጽፈው እየተመዘገቡ ሕጋዊ መልክ ያዙ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዕድርና የተወላጆች መረዳጃ ማኅበራት ከቀብር አልፈው መንገድና ትምህርት ቤት ወደ ማሠራት ገብተው ነበር። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅት የዚያ ዘመን መንፈስ ውጤት ነው።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ ተቋረጠ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌ ተመሠረተ። የሰፈር ጉዳይ ሁሉ የቀበሌ ሆነ፤ ዕድር ወደ ድንኳኑና ወደ ድስቱ ተመለሰ። ሽማግሌዎች ፖለቲካ እንዳይነካቸው ደንባቸውን ለቀብር ብቻ ብለው ያጠበቡበት ጊዜ ነው። ያ ፍርሃት ቶሎ አልለቀቀም። ዛሬም አንዳንድ ዕድር ውስጥ አዲስ ሐሳብ ሲነሳ «እኛ የቀብር ማኅበር ነን» የሚል ድምፅ አይጠፋም።

ያን ድምፅ ያስለወጠው ኤች አይ ቪ ነው። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነበር። በ1990ዎቹ መግቢያ ላይ ዕድሮች ካዝናቸው ሲራቆት አዩ። ቀብር በዛ፤ የሚሞተውም ወጣት፣ መዋጮ ከፋዩ ሆነ። ቤት ውስጥ የቀሩት አያትና ሕፃናት ናቸው። ሰው በሕይወት እያለ ለመድኃኒትና ለምግብ አጥቶ፣ ሲሞት ብር የሚሰጠው ማኅበር ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በየዕድሩ ተነሳ። ጥቂት የማይባሉ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሻሉ። አንዳንዶቹ ለቀብር ከሚሰጠው ላይ ከፊሉን አባሉ ታሞ ሳለ መስጠት ጀመሩ። ሌሎቹ ወላጅ ላጡ ልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ገዙ፣ የአረጋውያንን መዋጮ አነሱ።

የሥልጠናና የውጭ ድጋፍ ነገር በሰፊው የገባውም በዚህ በር ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች ሰፈር ገብቶ በሽተኛ ቤት የሚያንኳኳ ሰው ሲፈልጉ፣ ሰዉ የሚያምነው ዕድርን ሆኖ አገኙት። ከየዕድሩ በጎ ፈቃደኞች ተመርጠው የቤት ለቤት እንክብካቤ ሠለጠኑ፦ ቁስል ማጽዳት፣ መድኃኒት በሰዓቱ ማስወሰድ፣ ከቤተሰብ ጋር መነጋገር። ዳኞቹና ጸሐፊዎቹ ሒሳብ አያያዝ፣ ዕቅድና ሪፖርት አጻጻፍ ተማሩ። ሥልጠናው የሠመረው ያለውን መዝገብ ይዞ ሲነሳ ነው። ለዕድሩ አዲስ ቅጽ አምጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ሥሩ» ያለው ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቅጹም አብሮ አለቀ። የማውቀው አንድ ጸሐፊ ሁለቱን አንድ ላይ ይሞላ ነበር። አንዱ ለድርጅቱ፣ ሌላው ለራሱ። ድርጅቱ ከሄደ በኋላ የቀረችው ሁለተኛዋ ናት።

ገንዘቡን በተመለከተ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በመብት ጉዳይ ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ብዙ ድርጅት በዚያ ተዳክሟል። በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተካ፤ ክልከላው ተነሳ፣ ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ መሥራት ቻሉ፣ የአስተዳደር ወጪ ጣሪያም 20 በመቶ ሆነ። ዕድርና እቁብን ግን ሁለቱም አዋጆች ከወሰናቸው ውጭ አድርገዋቸዋል። ይህ ለዕድር ጥሩም መጥፎም ነው። ጥሩነቱ በባህሉና በደንቡ ይተዳደራል። መጥፎነቱ ደግሞ ዕርዳታ ሰጪ በስሙ ውል መዋዋል ሲፈልግ ይቸገራል። ስለዚህ በርካታ ዕድሮች ኅብረት ፈጥረው፣ ኅብረቱን እንደ ድርጅት አስመዝግበው ገንዘብ ያመጣሉ። ዕድሩ እንደ ዕድር ይቀራል፤ ኅብረቱ ፕሮጀክት ይሠራል። ብልህ መፍትሔ ነው። ኅብረቱ አባል ዕድሮቹን ረስቶ ቢሮ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ግን ጠንካራ ጠቅላላ ጉባኤ ይፈልጋል።

ከዕድር ጎን ሌሎችም አሉ። በ1994 ዓ.ም. ገደማ በቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በኩል ናዝሬት ላይ የተጀመሩት የራስ አገዝ ቡድኖች ገንዘብ ሳይሰጡ የሚሠሩ ናቸው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ፣ በአብዛኛው ሴቶች፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቆጥባሉ፣ ከቁጠባው ይበዳደራሉ። ከውጭ የሚመጣላቸው ሥልጠናና አመቻች ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደግሞ የመንግሥት ሥራ ቢሆንም፣ ሐሳቡ ለዕድርተኛ አዲስ አልነበረም። በየዓመቱ አስቀድመህ ታዋጣለህ፣ ስትታመም ትታከማለህ። የክረምት በጎ ፈቃድ ወጣቶች የአቅመ ደካሞችን ቤት ሲያድሱም የትኛው ቤት ጣሪያ እንደሚያፈስ ከዕድር ሽማግሌ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ዕድር ሁሉን ይይዛል ማለት ግን አይቻልም። በጣም ደሃው ብዙ ጊዜ ውጭ ነው። መግቢያውን አይችለውም፤ ቢገባም ሦስት ወር ሲያልፈው ይሰረዛል። ቤት እየቀያየረ የሚኖር ተከራይ ዕድር ለመግባት ያመነታል። ሴቶችም በሰፈር ዕድር ውስጥ ጉልበቱን እየሰጡ፣ መዝገቡ ላይ የባል ስም ብቻ የሚጻፍበት ቦታ ብዙ ነው። ባል ከሞተ ወይም ትዳር ከፈረሰ አባልነቱ የማን ነው የሚለው ያጣላል። ይህን በደንባቸው ላይ በግልጽ ያሰፈሩ ዕድሮች ሊመሰገኑ ይገባል። ያላሰፈሩትም ለማስፈር የማንንም ገንዘብ አይጠብቁም፤ አንድ ጠቅላላ ጉባኤ ይበቃቸዋል።

በውጭ አገር ያለው ሐበሻም ዕድሩን ይዞ ሄዷል። አሜሪካ ውስጥ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢና በሌሎች ከተሞች ዕድሮች አሉ። እዚያ ትልቁ ወጪ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ነው። አንዳንዶቹ በየወሩ ከማዋጣት ይልቅ ሞት ሲደርስ እኩል ይካፈላሉ። በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ደግሞ ደንብም መዝገብም ሳይኖራቸው በስልክ ተጠራርተው ለማያውቋት ሴት መሸኛ ሲያዋጡ ይታያል።

ዛሬ የከተማ ዕድሮችን ያስጨነቃቸው የሰፈር መፍረስ ነው። ጎረቤት ተበትኖ አንዱ የካ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዱ ገላን ጉራ ይገባል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥ ካሳ የሚል ነገር አስገብቷል። ሕጉ ራሱ ትስስሩ ዋጋ እንዳለው ማመኑ ነው። አንዳንዱ ዕድር ንብረቱን ተካፍሎ ይፈርሳል። አንዳንዱ በኮንዶሚኒየሙ ብሎክ አዲስ ይጀምራል፤ ድንኳን ከመግዛት ይነሳል። ሌላው መዋጮውን በባንክና በቴሌብር እየሰበሰበ፣ ጡሩንባውን በስልክ መልእክት ተክቶ ይቀጥላል።

እናቴ ከድሮ ሰፈሯ ከወጣች ቆይታለች። አዲሱ ሰፈርም ዕድር አለ፤ ገብታበታለች። የድሮውን ግን አልለቀቀችም። ስብሰባ ባለበት እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች። በስልክ ክፈዪ ስላት «ስሜ ሲጠራ ማን አቤት ይላል?» አለችኝ።