ከቁፋሮ የሚወጡ የጥንት ሮማውያን ሳንቲሞች ጥናት

በጥንቱ የሮማ ግዛት ውስጥ የነበረ ከተማ፣ የጦር ሰፈር ወይም የገበያ ቦታ ሲቆፈር ሳንቲም ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። አብዛኛው አረንጓዴ ዝገት የበላው የመዳብ ቅይጥ ስለሆነ ለነጋዴ ዓይን ዋጋ የለውም። አርኪዮሎጂስት ግን ከአፈር ውስጥ ከዚያች የዛገች ሳንቲም የተሻለ ዘመን ነጋሪ የሚያገኘው እምብዛም ነው።

ሳንቲምን የሚያጠናው ሙያ ኑሚስማቲክስ ይባላል። በዘመናዊ መልኩ መሠረቱን የጣሉት በቪየና የንጉሠ ነገሥቱ የሳንቲም ስብስብ ኃላፊ የነበሩት ዮሴፍ ኤክሄል (1737–1798) ናቸው። ከእሳቸው በኋላም ለረጅም ጊዜ ባለሙያው የሚያየው ሳንቲሟን ብቻ ነበር፤ ብረቷን፣ ምስሏን፣ ጽሑፏን። ከየትኛው የአፈር ንጣፍ፣ ከምን ጋር ወጣች የሚለው ጥያቄ ዋና ጉዳይ የሆነው ሥርዓት ያለው ቁፋሮ እየተስፋፋ ሲሄድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ንባቡ የሚጀምረው ከዘውዱ በኩል ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መልክና በአጭሩ የተጻፉት ማዕረጎቹ እዚያ አሉ፤ በጎፈሩ በኩል አማልክት፣ ድል ወይም ሕንፃ ይቀረጻል። በማቴዎስ ወንጌል መልኩና ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ የተጠየቀበት ዲናር ከዚሁ ወገን ነው። ከማዕረጎቹ አንዱ በየዓመቱ የሚታደስና የሚቆጠር ስለነበር፣ ቁጥሩ ከተነበበ ሳንቲሟ የተቀረጸችበት ዓመት ይታወቃል። ጽሑፉ ቢጠፋ እንኳ ክብደቱና ቅይጡ ይናገራሉ። ንጉሠ ነገሥት ኔሮ በ64 ዓ.ም. ከአንድ የሮማ ፓውንድ ብር ይወጡ የነበሩትን 84 ዲናሮች 96 አደረሳቸው፤ እያንዳንዱ ዲናርም ቀለለ። ተከታዮቹም ብሩን እያሳነሱ ሄደው በ270 አካባቢ የብር የተባለው ሳንቲም ላዩ ብቻ የነጣ መዳብ ሆነ።

የተጻፈው ዘመንና ሳንቲሟ የጠፋችበት ዘመን ግን አንድ አይደሉም። አገራችን ይህን በማርትሬዛ ብር አይታዋለች። 1780 የሚል ቢጻፍበትም ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ይታተም ነበር፤ በእኛም ገበያ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ከአንድ ቤት መሠረት ሥር ማርትሬዛ ቢወጣ ቤቱ በ1780 ተሠራ አይባልም፤ ከ1780 በፊት አልተሠራም ግን ይባላል። የሮማ ሳንቲምም የሚሰጠው ማስረጃ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ የሚገመተው ከሳንቲሟ መበላት፣ አብረዋት ከወጡት ሸክላዎችና ከሌሎች ሳንቲሞች ነው።

አንዲት ቁጥር ምን ያህል ልትመዝን እንደምትችል በጣልያን ያለችው ጥንታዊ ከተማ ፖምፔ ታሳያለች። ከተማዋን ያጠፋው የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ኦገስት 24 ቀን 79 ዓ.ም. እንደደረሰ ለዘመናት ይነገር ነበር። በ1974 «የወርቅ አምባር ቤት» ከሚባለው መኖሪያ በወጣ የንጉሠ ነገሥት ቲቶ ዲናር ላይ፣ ቲቶ ለ15ኛ ጊዜ ድል አድራጊ ተብሎ እንደተወደሰ ተነበበ። ይህ ውዳሴ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ ወዲህ የመጣ ስለሆነ የኦገስቱ ቀን ወደቀ ተባለ። በ2013 የታተመ ዳግም ምርመራ ግን ቁጥሩ 14 መሆኑን አሳየ፤ ሳንቲሟም ለየትኛውም ወገን የማትመሰክር ሆነች። ብዙዎች ወደ ኦክቶበር ያጋደሉት በ2018 ግድግዳ ላይ በከሰል የተጻፈ ቀን ከተገኘ ወዲህ ነው።

በጀርመን ካልክሪዘ የተገኙት ሳንቲሞችም ተመሳሳይ ክርክር አስነስተዋል። ከ9 ዓ.ም. በኋላ የተቀረጸ አንድም የለባቸውም፤ አንዳንዶቹ ላይ በጀርመን የሮማ ገዢ የነበረው የቫሩስ ስም ምልክት ተመትቶባቸዋል። ስለዚህ ቦታው በዚያው ዓመት የቫሩስ ሦስት ሌጌዎኖች (የሮማ ክፍለ ጦሮች) ያለቁበት የጦር ሜዳ ነው የሚለው ሐሳብ ጠንካራ መሠረት አገኘ። ተቃዋሚዎች ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዘመቱ ወታደሮችም ያንኑ ገንዘብ በኪሳቸው ሊይዙ ይችሉ ነበር ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ በእንግሊዝ ፍሩም አካባቢ በ2010 የተገኘው እንስራ ነው። በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ያገኘው ሰው ራሱ ቆፍሮ ከማውጣት ተቆጥቦ ባለሙያዎችን ጠራ። በውስጡ 52,503 ሳንቲሞች ነበሩ፤ ክብደታቸው 160 ኪሎ ገደማ። ባለሙያዎቹ በየንጣፉ ለይተው አወጧቸው። እንስራው እየቆየ የተሞላ ቁጠባ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዎቹ የካራውሲየስ (286–293) ሳንቲሞች ከላይ በተገኙ ነበር፤ አብዛኞቹ የተገኙት ግን ወደ ታች ነው። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተገልብጦ ገብቷል። የእንስራው ገላ ስስ ስለሆነም ሞልቶ ሊሸከሙት አይቻልም፤ ቀድሞ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ነው ገንዘቡ የፈሰሰበት። ከአጥኚዎቹ መካከል ተመልሶ ሊወጣ የተደበቀ ሀብት ሳይሆን ለአማልክት የቀረበ መባ ነው የሚሉ የተነሡት ከዚህ ነው። እንስራው ተሰብሮ ሳንቲሙ በጆንያ ቢታፈስ ኖሮ ይህ ጥያቄ እንኳ አይነሣም ነበር።

ከተቀበረ ክምችት ውጪ በተናጠል የሚገኙት ሳንቲሞች በአብዛኛው ርካሾቹ ናቸው። ወርቅ የጣለ ሰው እስኪያገኝ ይፈልጋል፤ የመዳብ ሽርፍራፊ የጣለ ትቶት ይሄዳል። ስለዚህ ከቁፋሮ የሚወጣው ገንዘብ የነዋሪውን የሀብት ልክ አያሳይም፤ የዕለት ግብይቱን ነው የሚያሳየው።

የሮማ ገንዘብ ከግዛቱ ወሰን አልፎ እስከ ደቡብ ሕንድ ተጉዟል፤ ቀይ ባሕርንም አልዘለለም። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ዕቃዎች መካከል እዚያ ለተቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናር ይጠቅሳል። በዛሬዋ ኤርትራ መጠራ ላይ አርኪዮሎጂስቱ ፍራንሲስ አንፍሬይ በ1963 ያገኙት የነሐስ ዕቃ ደግሞ 14 የሮማ ወርቅ ሳንቲሞችን ከወርቅ መስቀሎች ጋር ይዞ ነበር። ሳንቲሞቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ናቸው፤ መስቀሎቹ ግን ክርስትና ከገባ በኋላ ያለውን ዘመን ይናገራሉ። ሳንቲሞቹ ማንጠልጠያ ተበጅቶላቸው ጌጥ ሆነው ቆይተዋል፤ እናቶቻችን ማርትሬዛን በአንገታቸው እንዳሠሩት ማለት ነው።

የአክሱም ነገሥታት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምረው የራሳቸውን ወርቅ ሲያስቀርጹ የሮማን የክብደት ልክ ተከትለዋል። ሁለቱ ገንዘቦች አብረው እንደሠሩ በየመን አል መድሃሪባ በ1980 የተገኘው ክምችት ያሳያል። ከ1,194 የወርቅ ሳንቲሞች 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ ናቸው።

በአክሱም ዙሪያ ዛሬም ከዝናብ በኋላ በእርሻ ላይ ሳንቲም ይለቀማል፤ ብዙው የተነሣበት ቦታ ሳይመዘገብ በቱሪስት ኪስ ይሄዳል። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ እኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት ሳይፈልግ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ አለበት።