ኮዲንግ ምንድን ነው? ለተማሪ ሁሉስ ለምን?

ነሐሴ መጨረሻ ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሷል፣ ደሴ ብርዷን ለቃዋለች። የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍልን ጨርሳ ክረምቱን እኛ ጋ ናት። የአይሲቲ ደብተሯን ሳገላብጥ «ፕሮግራሚንግ» የሚል ርዕስ አየሁና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፍና ትርጉሙን በእንግሊዝኛ አንበለበለችልኝ። አንድ ቃል አልሳተችም።

«አንዲት መስመር ጽፈሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ኧረ አጎቴ፣ እሱ እኮ ለፈተና ነው!»

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህች መልስ ነው። ትርጉሙን ማወቋ መልካም ነው። ግን አክንባሎ አንስቶ የማያውቅ ሰው የእንጀራ አጋገርን በቃሉ ቢወጣው ምን ይጠቅመዋል?

ኮዲንግ ወይም ፕሮግራሚንግ ማለት አንድን ሥራ፣ ከራሱ ምንም ለማይገምት ሠራተኛ፣ እርምጃ በእርምጃ ጽፎ መስጠት ነው። ልጅ ልከን «ስኳር ግዛ» ስንለው ብዙ ነገር ሳንነግረው ያውቃል። ሱቁ ከተዘጋ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መልስ ካለ ቆጥሮ ይመጣል። ኮምፒውተር ይህን አያውቅም። ሱቁ ተዘግቶ ከሆነ ምን እንደሚያደርግ ካልጻፍንለት በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። የእርምጃዎቹ ቅደም ተከተል አልጎሪዝም ይባላል። ያንኑ ማሽኑ በሚገባው ቋንቋ ስንጽፈው ኮድ ይሆናል።

አልጎሪዝም የሚለው ቃል ራሱ የሰው ስም ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ከነበረው ከሊቁ አል ኸዋሪዝሚ የመጣ ነው። እሱ ስለ አልጀብራ ሲጽፍ ከዓላማዎቹ አንዱ ሰዎች ውርስን በትክክል እንዲካፈሉ መርዳት ነበር። ወሎ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ሩቅ አይደለም። የገንዘብ ዘካን አስቡት። ሀብቱ ኒሳብ የሚባለውን ዝቅተኛ መጠን ከሞላና ዓመት ከዞረበት ከ40 አንድ ይወጣል። ካልሞላ አይወጣም። «ከሆነ» እና «ካልሆነ»። ፕሮግራመሮች ቀኑን ሙሉ የሚጽፉት ይህንኑ ነው።

ለእህቴ ልጅ ግን የመረጥኩላት ሌላ ነገር ነው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት። አዲስ ዓመት እየመጣ ነበርና መስከረም 1 በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚናገር ፕሮግራም እንድትጽፍ ነገርኳት። ሕጉ አጭር ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ዓመተ ዓለም ለ4 ሲካፈል የሚደርሰው መጠነ ራብዒት ነው። ቀሪው ደግሞ ወንጌላዊውን ይናገራል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። ከዚያ ዓመተ ዓለምና መጠነ ራብዒት ተደምረው ለ7 ይካፈላሉ። 1 ከቀረ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ከቀረ ረቡዕ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል። ምንም ካልቀረ ሰኞ።

ስልኬ ላይ ፓይተን የሚባለውን የኮድ ቋንቋ መተግበሪያ ጫንኩላት። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፓይተን ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር አለው፤ ለምታስቀምጠው ቁጥር ስም ስታወጣለት በፊደላችን ብታወጣ ይቀበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሯ ላይ፣ ከዚያ ስልኩ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

ዓመተ_ዓለም = 5500 + ዓመት
መጠነ_ራብዒት = ዓመተ_ዓለም / 4
ቀን = (ዓመተ_ዓለም + መጠነ_ራብዒት) % 7

የመቶኛዋ ምልክት እዚህ ፐርሰንት አይደለችም፤ «ሲካፈል የሚተርፈው» ማለት ናት። ከሥሩ ሰባቱን ቀናት በሰባት «ከሆነ» ደረደረቻቸው። 2016ን አስገባች። ስልኩ «ማክሰኞ» አለ። የቀን መቁጠሪያ አየን፤ ልክ ነው። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች።

2017ን አስገባች። ዝም። 2018ንም ሞከረች። ዝም። ስህተት ነው የሚል ቀይ ጽሑፍ እንኳ የለም። 2012ን ስትሞክር «ሐሙስ» አለ፤ እሱም ልክ ነው። መልሳ 2017። ዝም። «ስልክህ ተበላሽቷል» አለችኝ። እኔም መልሱን አልነገርኳትም። ዝናቡ ጋብ ሲል ደብተሯንና ስልኩን ይዛ ጎረቤታችን መሪጌታ ጋ ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«የኔታ፣ 2016 እና 2012 ይሠራል። ሌላው እምቢ አለ» አለቻቸው።

መሪጌታ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። ጥቂት አሰቡና «ሁለቱም እኮ ዘመነ ዮሐንስ ናቸው» አሏት። ከዚያ ጣታቸውን ሁለተኛዋ መስመር ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ቀሪው ለመጠነ ራብዒት አይገባም። ቀሪው የወንጌላዊው ነው።»

ነገሩ ያ ነበር። 7516 ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። 7517 ግን ይተርፈዋል። ሰው ሲያሰላ 1879 ብሎ ቀሪውን ለብቻው ያስቀምጣል። ማሽኑ ግን ቀሪውን ጣል ስላልተባለ 1879.25 ብሎ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ 2.25 ደረሰው። 2.25 የሚባል ቀን የለምና ዝም አለ። መድኃኒቱ አንዲት ምልክት ናት። ፓይተን ውስጥ አንድ እዝባር (/) ከነሽራፊው ያካፍላል፤ ሁለት እዝባር (//) ሽራፊውን ይጥላል። ልጅቷ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆማ አንዲት እዝባር ጨመረች። 2018 ስትል «ሐሙስ» መጣ።

እንግዲህ «ኮዲንግ ለሁሉም ተማሪ ይሰጥ ወይ?» ለሚለው የእኔ መልስ አዎ ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው «የሥራ ዕድል አለው» የሚለው አይደለም። ባዮሎጂን ለሁሉም የምናስተምረው ሁሉም ሐኪም እንዲሆን አይደለም። ልጅቷ በዚያ ከሰዓት ያገኘችውን ነው እኔ ለሁሉም የምመኘው። ትክክል የመሰለ ነገር አንዴ ስለሠራ ብቻ እንደማይታመን አየች። 2016ን ብቻ ሞክራ ቢሆን ኖሮ ተደስታ ትተኛ ነበር። ደግሞም ስህተቷን ራሷ አሳደደችው። ክፍል ውስጥ ስህተት ማለት ቀይ ኤክስ ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ ያልቃል። ኮድ ላይ ግን ስህተት የሥራው መሐል ነው። ማሽኑ አይቆጣም፣ አያሾፍም። መቶ ጊዜ ብትሳሳት መቶ አንደኛውን ይቀበላል። በክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት የምትፈራ ልጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋት ወላጅ ያውቀዋል።

«ኮምፒውተሩ የት አለ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ወቅት በደሴም በኮምቦልቻም የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል። መብራትም እንደልብ አይደለም። ግን ከላይ ያየነው ሥራ አብዛኛው ደብተር ላይ የተሠራ ነው። እንግሊዝ ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዲንግ በሥርዓተ ትምህርቷ ከ5 ዓመት ልጅ አንስቶ እንዲሰጥ አድርጋለች። እዚያም የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁም ነገር አልጎሪዝም ምን እንደሆነ መረዳትና ትንንሽ ፕሮግራም ጽፎ ማረም ነው። ለዚህ በየልጁ አንድ ላፕቶፕ አያስፈልግም። ለክፍሉ አንድ ሁለት ስልክ ቢገኝ ልጆቹ በወረቀት የጻፉትን ተራ በተራ ይሞክሩበታል። ሙከራው ራሱ ግን መቅረት የለበትም። ወረቀት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ 2017 ላይ ዝም የሚለው ማሽኑ ነው።

ሌላው፣ «የፈለገ ራሱ ይማር» የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም ክረምት መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ነው። ጥሩ ነገር ነው፣ ተመዝገቡ እላለሁ። ነገር ግን ሊመዘገብ የሚነሳው ነገሩ የእኔ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። «እሱ እኮ ለፈተና ነው» የምትል ልጅ አትመዘገብም። ሁሉንም የሚያገኝ ቦታ ክፍል ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮድ ይጽፍልናል ይባላል። ይጽፋል። የተጻፈው ልክ መሆኑን የሚያየው ግን ማነው? ያንን ፕሮግራም ማሽን ጽፎት ቢሆን ኖሮም 2017ን የሚሞክር ሰው ያስፈልግ ነበር። ቀሪው የወንጌላዊው መሆኑን የሚያውቅ ሰውም ያስፈልግ ነበር።

እኔ ቢጠይቁኝ ለብቻው ትምህርት አላደርገውም። 7ኛና 8ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እሰጠዋለሁ፣ ምሳሌውም ልጁ ከሚያውቀው ይሁን እላለሁ። ኮምቦልቻ ላለ ልጅ ጨርቅ አለለት። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ከተማው ሲገባ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስሙን የሚያውቀው ነው። የፕሮግራም ታሪክም ከሽመና ዕቃ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1804 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ዣካርድ ጥለቱን በተበሳ ካርድ የምታነብ የሽመና ማሽን ሠራ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ ሐሳቡን ለስሌት ማሽኑ ወሰደው፤ አዳ ላቭሌስም በ1843 ለዚያው ማሽን የስሌት ቅደም ተከተል ጽፋ አሳተመች። ሸማኔ ክር ቆጥሮ አንዱን ጥለት ደጋግሞ ሲያወጣ ያየ ልጅ «ይህን 12 ጊዜ ድገም» የሚለው ትዕዛዝ አይከብደውም።

የእህቴ ልጅ አሁን ጾመ ነነዌን ይዛለች። ለእሱ መጀመሪያ መጥቅዕ የሚባል ቁጥር ይሰላል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። «ከሆነ» እና «ካልሆነ»ውን ጽፋለች። ትናንት ማታ ግን «ልክ 14 ቢሆንስ?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። ዛሬ ጠዋት ደብተሯን ይዛ መሪጌታ ደጅ ቆማ አየኋት።