ቼንግዩ ምንድን ነው? ሰውን በአራት ፊደል መግለጽ

አንድ መሥሪያ ቤት አስቡ፤ ቤጂንግ ይሁን ሻንጋይ ግድ የለም። የሥራ አስኪያጁ ሾፌር የራሱ የሆነ ምንም ሥልጣን የለውም። ግን ዘበኛውን ያመናጭቃል፣ ጸሐፊዋን ያዛል፣ ባለጉዳይ ያስፈራራል። ማንም ትንፍሽ አይልም፤ የአለቃው ጆሮ እሱ ጋ ነዋ። ዞር ሲል ግን የቢሮው ሰዎች አራት ፊደል ይወረውሩበታል፦ "ሁ ጂያ ሁ ዌይ።" ሲፈታ "ቀበሮ የነብርን ግርማ ተዋሰ" ማለት ነው። (ነብር ስል የእስያውን፣ ባለ ሽንትሩን ነው።)

እንዲህ ያለው አባባል በቻይንኛ ቼንግዩ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ አራት ፊደል አለው። ቻይንኛ ውስጥ አንድ ፊደል በአንድ ድምፅ ይነበባል፣ ብዙውን ጊዜም የራሱ ትርጉም አለው፤ ስለዚህ አራት ፊደል ሲባል አራት ቃል እንደማለት ነው። ከአራት ያነሱም የበዙም አሉ፣ ግን ጥቂት ናቸው። ትልልቆቹ የቼንግዩ መዝገበ ቃላት ከአሥር ሺህ በላይ ይዘዋል። ሰው በየቀኑ የሚጠቀምበት ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

ከምሳሌያዊ አነጋገር ጋር አንድ አይደለም። ምሳሌያዊ አነጋገር ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይመክራል፣ ይገሥጻል። ቻይናዎች እሱም ሞልቷቸዋል፤ የንዩ ይሉታል። ቼንግዩ ግን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቶ እንደ አንድ ቃል ይሠራል። ቅጽል ሲያስፈልግ ቅጽል፣ ግስ ሲያስፈልግ ግስ ይሆናል። ሥራውም በብዛት ሰውን፣ ጠባይን ወይም የገባንበትን ሁኔታ መግለጽ ነው።

አራት ፊደል ያን ሁሉ የሚሸከመው ቋንቋው የድሮ ስለሆነ ነው። ቻይናዎች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የሚጽፉበት ቋንቋ ከሚናገሩት የተለየ፣ እጅግ ቁጥብ የሆነ ጥንታዊ ቻይንኛ ነበር። በ1919 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተቀጣጠለው የለውጥ እንቅስቃሴ ጽሑፍን ወደ ሕዝቡ አነጋገር አመጣው። ጥንታዊው ቋንቋ ከዕለት ጽሑፍ ሲወጣ ቼንግዩ ግን በሰው አፍ ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ የቆሎ ተማሪ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲል ግእዝ የማያውቀውም ሰው ነገሩ ወዲያው እንደሚገባው ማለት ነው። ሰዋስው ሳይቆጥር ይገባዋል፤ ከቃሉ ጀርባ ያለውን ሕይወት ያውቃላ።

ቼንግዩም ከጀርባው ታሪክ አለው። አራቱን ፊደል ብቻ የያዘ የውጭ ሰው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። "ቀበሮ የነብርን ግርማ ተዋሰ" ሲባል በግምት ልንረዳው እንችላለን። "እባብ ሥሎ እግር ጨመረ" ቢባልስ? "ጉቶ ጠብቆ ጥንቸል ተጠባበቀ" ቢባልስ?

ወደ ቀበሮው እንመለስ። ታሪኩ የሚገኘው ጃንግዎ ጸ በተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ቻይና በሰባት ትልልቅ መንግሥታት ተከፋፍላ የምትዋጋበት ዘመን ነበር፤ እስከ 221 ከክርስቶስ ልደት በፊት የዘለቀ ዘመን። ከሰባቱ አንዷ በደቡብ ያለችው ቹ ነበረች። የቹ ንጉሥ ሹዋን አንድ ቀን ሹማምንቱን ጠየቀ፦ "የሰሜን መንግሥታት የጦር አዛዤን ጃዎ ሺሹን ይፈሩታል ይባላል፤ እውነት ነው?" ሁሉም ጸጥ አሉ። ቢከብድ ነው። "አዎ" ቢሉ ንጉሡን ያሳንሳሉ፣ "የለም" ቢሉ አዛዡን ያስቀይማሉ።

ጂያንግ ዪ የተባለ አማካሪ ግን ተረት ጀመረ። ነብር ቀበሮን ይይዛታል። ቀበሮዋም "እንዳትነካኝ! ሰማይ የአራዊት አለቃ አድርጎ ሾሞኛል። ካላመንከኝ ከኋላዬ ተከተለኝና ማን እንደማይሸሸኝ እይ" አለችው። ነብሩ ተከተላት። አራዊቱ ባዩዋቸው ቁጥር እግሬ አውጪኝ አሉ። ነብሩ የሸሹት እሱን ፈርተው መሆኑን አላወቀም፤ እሷን የፈሩ መሰለው። ከዚያ ጂያንግ ዪ ወደ ነገሩ ገባ። "ንጉሥ ሆይ፣ ግዛትዎ ሰፊ ነው፣ ሠራዊትዎም አንድ ሚሊዮን ነው። ሁሉንም ለጃዎ ሺሹ ሰጥተውታል። የሰሜን ሰዎች የሚፈሩት የእርስዎን ሠራዊት ነው።"

መልሱን ልብ ብላችሁ እዩት። ንጉሡን አሞገሰ፣ አዛዡን በጎን ወጋ፣ ማንንም ግን በስሙ ሌባ ወይም አስመሳይ አላለም። ዛሬ ቼንግዩው የሚነገረው በአለቃ ጥላ ሥር ሆኖ ሰው ለሚያስጨንቅ ሁሉ ነው። ሲወለድ ግን የቤተ መንግሥት ፖለቲካ ነበር። ስለ ቼንግዩ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ይመስለኛል። እንደ ልጆች ተረት ይቀርባሉ፤ ብዙዎቹ ግን መጀመሪያ የተነገሩት ቁጣው ራስ ለሚያስቆርጥ ንጉሥ ወይም ጄኔራል ነው። በዚያ ዘመን ከአገር አገር እየዞሩ ነገሥታትን በአንደበታቸው የሚያሳምኑ ሰዎች ነበሩ። ንጉሥን "ተሳስተሃል" ማለት አይቻልም። ስለ ቀበሮና ስለ እባብ ማውራት ግን ይቻላል።

የእባቡም ነገር እንዲሁ ነው። የሚገኘውም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ቹ አገር አንድ ሰው መሥዋዕት ካቀረበ በኋላ ለአገልጋዮቹ አንድ ዋንጫ መጠጥ ሰጣቸው። ለሁሉም አይበቃም፣ ለአንድ ሰው ግን ይተርፋል። "መሬት ላይ እባብ እንሣል፤ ቀድሞ የጨረሰ ይጠጣ" ተባባሉ። አንዱ ቀደመ። ዋንጫውን በግራ እጁ ይዞ፣ በቀኙ መሣሉን ሳያቆም "እግር ልጨምርለት እችላለሁ" አለ። እግሩን ሳይጨርስ ሌላው እባቡን ጨርሶ ዋንጫውን ነጠቀው፦ "እባብ እግር የለው፣ አንተ ከየት ታመጣለታለህ?"

ይህን የተረከው ቸን ጀን የተባለ ሰው ነው፤ የሰማው ደግሞ ጃዎ ያንግ የተባለ የቹ ጄኔራል። ጄኔራሉ ዌይ የተባለችውን መንግሥት አሸንፎ ስምንት ከተሞች ይዟል። አሁን ደግሞ ፊቱን ወደ ቺ መንግሥት አዙሯል። ቸን ጀን ቺን ለማትረፍ መጣና እንዲህ አለው፦ "ከአንተ ሹመት በላይ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ተይዟል። ቺን ብታሸንፍ የምትጨምረው ነገር የለም። ብትሸነፍ ግን ሕይወትህም ሹመትህም ይሄዳል።" ጄኔራሉ ጦሩን ይዞ ተመለሰ። ዛሬ "ኋ ሸ ቲየን ዙ" የሚባለው ያለቀ ሥራ ላይ ነገር ጨምሮ ለሚያበላሽ ነው። ያማረ ደብዳቤ ጽፎ መጨረሻ ላይ አንድ አላስፈላጊ አንቀጽ የሚጨምር ሰው፣ ቀልዱ ሰምሮለት እያለ ማብራራት የሚጀምር ሰው። ሁላችንም እንዲህ ያለ ወዳጅ አለን።

ጉቶውን ያመጣው ሃን ፌይ ነው። ትውልዱ ከመሳፍንት ነው፤ አንደበቱ ይንተባተብ ነበር፣ ብዕሩ ግን ስል ነው ይሉታል። በ233 ከክርስቶስ ልደት በፊት ቺን በተባለችው መንግሥት እስር ቤት ሞተ። (ይህቺኛዋ ቺን ኋላ ቻይናን አንድ ያደረገችው ናት።) በተረቱ አንድ የሶንግ አገር ገበሬ ሲያርስ ጥንቸል ስትሮጥ መጥታ ማሳው ውስጥ ካለ ጉቶ ጋር ትጋጫለች፤ አንገቷ ተሰብሮ ትሞታለች። ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ጉቶው ሥር ቁጭ አለ፤ ሌላ ጥንቸል ሊጠብቅ። ጥንቸል አልመጣም፤ እሱም የአገር መሳቂያ ሆነ።

ዛሬ "ሾው ጁ ዳይ ቱ" ሳይሠራ ዕድል ለሚጠብቅ ሰነፍ ይነገራል። ሃን ፌይ ግን ስለ ስንፍና አልነበረም የሚያወራው። "በድሮ ነገሥታት ዘዴ የዛሬን ሕዝብ ላስተዳድር የሚል ገዥ እንደዚህ ገበሬ ነው" ሊል ነው። ጥቃቱ ወደ ላይ፣ ዙፋን ላይ ወደተቀመጡት ነበር። በጊዜ ብዛት ወደ ታች ወርዶ ሥራ ፈቱ ላይ አረፈ። ለእኔ የመጀመሪያው ትርጉም ይበልጥ ይጣፍጣል፤ አንዴ የሠራ ነገር ሁልጊዜ ይሠራል ብሎ ማሰብ ከስንፍና የባሰ በሽታ ነው።

ሰው መግለጫዎቹ እንዲህ በየዓይነቱ ናቸው። "ጂንግ ዲ ጅ ዋ" የጉድጓድ ውስጥ እንቁራሪት ነው፤ ከራሱ ሰፈር ውጪ ዓለም ያለ የማይመስለው ሰው። "ዱዌይ ኒው ታን ቺን" ለላም ክራር መደርደር ነው፤ የእኛ "አህያ ማር አይጥማትም" ቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነቱ የቻይናው ብዙ ጊዜ ደርዳሪውንም መንካቱ ነው፤ ማን ፊት እንደሚናገር ያላወቀ ሞኝ ለማለት። ሁሉም ስድብ አይደለም ታዲያ። "ሺዮንግ ዮው ቸንግ ጁ" ሲባል "ቀርከሃው ሙሉ ሆኖ በደረቱ አለ" ማለት ነው። በአሥራ አንደኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ገጣሚ ሱ ሺ ስለ ሠዓሊ ዘመዱ ስለ ወን ቶንግ ሲጽፍ፣ ቀርከሃ ለመሣል አስቀድሞ ሙሉው ቀርከሃ ውስጥህ መኖር አለበት ብሏል። ከዚያ ወዲህ ፈተና ሊገባ ተዘጋጅቶ በራሱ የሚተማመን ተማሪ በዚህ ይመሰገናል።

ሁኔታን ከሚገልጹት ውስጥ እኔን የሚይዘኝ የአንድ ሰው መነሻና መድረሻ ነው። ሺያንግ ዩ የቹ ሰው፣ የጦር ሰው ነው። በ207 ከክርስቶስ ልደት በፊት ጁሉ የምትባል ከተማን ከከበባ ለማስለቀቅ ወንዝ ተሻገረ። ከተሻገረ በኋላ ጀልባዎቹን አሰጠመ፣ የማብሰያ ድስቶቹን ሰበረ፣ ለወታደሩ የሦስት ቀን ስንቅ ብቻ ተወ። ወይ ማሸነፍ ወይ መሞት ነው። አሸነፈ። "ፖ ፉ ቸን ጆው"፣ ድስት ሰብሮ ጀልባ ማስጠም፣ ዛሬ መመለሻውን ዘግቶ ለሚነሳ ሰው ይነገራል። ቋሚ ሥራውን ለቆ፣ ቤቱን ሸጦ ንግድ ለሚጀምር ሰው ልክ ነው።

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ202፣ ያው ሺያንግ ዩ ጋይሺያ ላይ ተከበበ። ወታደሩ አልቋል፣ ስንቁ አልቋል። ሌሊት ከአራቱም አቅጣጫ የጠላት ሠራዊት ሲዘፍን ሰማ፤ ዘፈኑ የራሱ አገር፣ የቹ ዘፈን ነው። "ቹን ሁሉ ያዙት እንዴ? የቹ ሰው እዚያ ምነው እንዲህ በዛ?" አለ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ገደለ። "ስ ሚየን ቹ ገ"፣ በአራቱም አቅጣጫ የቹ ዘፈን፣ ማለት ረዳት አጥቶ በሁሉም በኩል መከበብ ነው። የኩባንያ ዕዳ ሲበዛ፣ ሸሪክ ሲከዳ፣ ጋዜጣ ላይ ይህን ቼንግዩ ታገኙታላችሁ። ታሪኩን የማያውቅ ሰው "ዘፈን" የሚለውን ዓይቶ የደስታ ነገር ቢመስለው አይፈረድበትም።

ታሪክ የሌላቸውም አሉ። "ረን ሻን ረን ሃይ" ሰው እንደ ተራራ፣ ሰው እንደ ባሕር ማለት ብቻ ነው። ቻይና በበዓል ሰሞን ባቡር ጣቢያ የቆመ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አጠቃቀም ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊደል ማቀያየር አይቻልም፤ ከነብሩ ፋንታ አንበሳ ብታስገቡ ይስቁባችኋል። ከዚህ የሚከብደው ምስጋናና ስድብን መለየት ነው። "ዉ ዌይ ቡ ጅ" እያንዳንዷን ትንሽ ነገር ሳይተው የሚንከባከብ ሰው ነው፤ ነርስን ልታመሰግኑበት ትችላላችሁ። አንድ ፊደል ተለውጦ "ዉ ስዎ ቡ ጅ" ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምንም ክፋት የማይመለስ ማለት ይሆናል። ነርሷን በዚህ አታመስግኗት።

መንግሥትም ጉዳዩ ውስጥ ገብቶበታል። የማስታወቂያ ሰዎች ቼንግዩን በተመሳሳይ ድምፅ እየቀየሩ ይጫወቱበት ነበር። ለምሳሌ "ከ ቡ ሮንግ ኋን" ለአፍታ የማይዘገይ ማለት ነው። የሳል መድኃኒት ማስታወቂያ የመጀመሪያዋን ፊደል "ሳል" በሚል ፊደል ተካት፤ ሳል ጊዜ አይሰጥም እንደማለት። በ2014 እ.ኤ.አ. የመገናኛ ብዙኃን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በስርጭትና በማስታወቂያ ቼንግዩን እንዲህ መለዋወጥ ከለከለ፤ ልጆችን ያሳስታል ብሎ። ቃላት ጨዋታ ለሚወድ ሰው ትንሽ ያሳዝናል፤ የሳሉስ ጥሩ ነበር።

ተናጋሪው ራሱ የሚሳሳትባቸውም አሉ። "ቻ ቺያንግ ረን ዪ" የመጣው በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ቻይናን ከገዛው ከአፄ ጓንግዉ ነው። ጦርነት ሲከፋ ሌሎቹ ጄኔራሎች ተደናግጠው ሳለ ዉ ሃን የተባለው ግን መሣሪያ ያሰናዳ ነበር። ንጉሡ "ይህ ሰው እንኳ በመጠኑ ልብ ያበረታል" አለ። ኋላም ትርጉሙ "ደህና ነው፣ ያስኬዳል" ሆነ። ዛሬ ግን ብዙ ቻይናዊ ተቃራኒውን፣ "አያረካም" ለማለት ይጠቀምበታል። ምክንያቱም የመጀመሪያዋ ፊደል በሌላ ንባቧ "መጥፎ" ማለት ናት። መዝገበ ቃላቱ አሮጌውን ትርጉም አልለቀቁም። ጋዎካዎ የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም የቼንግዩ አጠቃቀም ጥያቄ ያወጣል፤ ሰው እንደሚለው የመለሰ ተማሪ እዚያ ላይ ነጥብ ይጥላል።