ትዳሩ ሲፈርስ ግሪን ካርዱስ?

በባሏ በኩል አሜሪካ ገብታ፣ ሴት እንደምታፈቅር ካገባች በኋላ የገባት ሴት መጀመሪያ የሚያስጨንቃት «ጋብቻሽ የውሸት ነበር ቢሉኝስ?» የሚለው ነው። ሕጉ የሚመዝነው ግን ስትጋባ የነበራትን ሐሳብ ነው። ያኔ አብራው ለመኖር ብላ ካገባች ጋብቻው በቅን ልቦና የተፈጸመ ነው፤ ስለ ራሷ በኋላ የተረዳችው ነገር ይህን አይሽረውም።

የ10 ዓመት ካርድ በፍቺ አይነጠቅም። ጣጣው ያለው ቅድመ ሁኔታ ያለበት የ2 ዓመቱ ካርድ ላይ ነው። ባልና ሚስት ያንን ቅድመ ሁኔታ ለማስነሳት የሚሞላውን ቅጽ አይ-751ን አብረው የሚያስገቡት ካርዱ ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ነው። የተፋታች ሴት ግን የባሏ ፊርማ እንዲቀርላት ጠይቃ፣ እነዚያን ቀናት ሳትጠብቅ ብቻዋን ማስገባት ትችላለች። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው፦ ተለያይቶ መኖር አይበቃም፣ የፍርድ ቤት የመጨረሻ የፍቺ ውሳኔ ያስፈልጋል። ከሱ ጋር የሁለቱም ስም ያለበት የኪራይ ውል፣ የጋራ የባንክ ሒሳብ፣ የታክስ ወረቀት፣ የልጆች የልደት ሰርተፊኬት ይያያዛል። እባክሽ እነዚህን ከቤት ሳትወጪ ኮፒ አድርጊ።

ለፍቺው በአብዛኛው ስቴት «መስማማት አልቻልንም» ማለት ይበቃል፤ ማንን እንደምታፈቅሪ ለዳኛ መዘርዘር የለብሽም።

ዜግነት ላይ ግን ከዜጋ ባል ጋር ለሚኖሩ የተፈቀደው የ3 ዓመት መንገድ ይዘጋል፤ ከመጀመሪያው ካርድ ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ይቆጠራል።