የፊት ጎማ ወገን ለይቶ መበላት ምንድን ነው?

የባለሦስት እግር ሞተር ሳይክል የፊት ጎማ «ወገን ለይቶ በላ» የሚባለው የጎማው ጥርስ በወርዱ ሁሉ እኩል መሳሳቱ ቀርቶ አንዱ ጠርዝ፣ ወይም ሁለቱ ጠርዞች፣ ወይም መሃሉ ከቀረው ቀድሞ ሲያልቅ ነው። ጎማ መበላቱ በራሱ ብልሽት አይደለም። ብልሽቱን የሚናገረው አበላሉ ነው፤ ስለዚህ አሮጌው ጎማ ተፈትቶ ከመጣሉ በፊት በደንብ ሊመረመር ይገባል፤ መንስኤው ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ጎማም በዚያው ወገን መበላቱ አይቀርም።

የአበላሉ ትርጉም በተሽከርካሪው አሠራር ይለያያል። ከፊት ሁለት ጎማ ካላቸው መካከል እንደ ካን-አም ስፓይደር ያሉት መታጠፊያ ላይ ስለማያዘነብሉ የፊት ጎማቸው እንደ መኪና ጎማ ገጹ ጠፍጣፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ፒያጆ ኤምፒ3 እና በ2018 ለገበያ የቀረበው ያማሃ ኒከን ግን ከአሽከርካሪው ጋር ስለሚያዘነብሉ ጎማቸው እንደ ተራ ሞተር ሳይክል ጎማ ገጹ ክብ ነው። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያላቸውም አሉ፤ ወደ እነርሱ ኋላ እመለሳለሁ። እዚህ በስፋት የማየው ከፊት ሁለት ጎማ ኖሯቸው የማያዘነብሉትን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ነፋስ ነው። ነፋሱ ያነሰ ጎማ በሁለቱ ጠርዞቹ ስለሚቆም ጠርዞቹ ያልቃሉ፤ ነፋሱ የበዛ ጎማ ደግሞ በመሃሉ ስለሚቆም መሃሉ ያልቃል። ባለሦስት እግሩ ከመኪና እጅግ ቀላል በመሆኑ ፋብሪካው ለፊት ጎማው የሚያዝዘው ነፋስ ብዙ ጊዜ ከመኪና ያነሰ ነው፤ ጎማ ሠሪው በመኪና ልማድ 30 ወይም 32 ፒኤስአይ ሲሞላው መሃሉ ያለ ጊዜው ይበላል። ትክክለኛው ልክ በተሽከርካሪው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ስለሚገኝ፣ ጎማው ሳይሞቅ በዚያ መለካት ያስፈልጋል።

ነፋሱ ልክ ሆኖ ሳለ የተበላው አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ነገሩ ወደ አላይመንት፣ ማለትም ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበል ልክ ይሄዳል። የውስጠኛው ጠርዝ ቆመው ሲያዩት ስለማይታይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሮ፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል። የውጩ ጥርስ 5 ሚሊሜትር፣ የመሃሉ 4.5 ሆኖ የውስጡ 2 ብቻ የቀረበት ጎማ ከሩቅ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ስለዚህ የጥርሱን ጥልቀት በሦስት ቦታ መለካት ተገቢ ነው።

ከዚያ መዳፍን ጎማው ላይ አሳርፎ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ መጥረግ ነው። እኔ ከየትኛውም መሣሪያ አስቀድሜ የማምነው ይህን ፍተሻ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ሲጠርጉ ልስልስ ብሎ በሌላው ሲመልሱት የጥርሶቹ ጫፍ እንደ መጋዝ እጅ የሚይዝ ከሆነ ጎማው ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄድ ነበር ማለት ነው። የዚህ መንስኤ «ቶ» የሚባለው ልክ ሲሆን እርሱም ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከላይ ሲታዩ የፊት ጫፋቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያይበት መጠን ነው። ወደ ውስጥ ሲበዛ ቶ-ኢን ይባላል፤ የውጩን ጠርዝ ይበላል፣ መዳፍም ከውስጥ ወደ ውጭ ሲጠርግ ይያዛል። ወደ ውጭ ሲበዛ ቶ-አውት ይባላል፤ የውስጡን ጠርዝ ይበላል፣ መዳፍም የሚያዘው በተቃራኒው ነው።

ቶ ትንሽ መስሎ ብዙ ይጎዳል። የጎማው ቁመት 600 ሚሊሜትር ቢሆንና በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩል ከኋላው በ4 ሚሊሜትር ቢለይ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ድርሻ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ማለት ጎማው በየኪሎሜትሩ 3.3 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል፣ በ1000 ኪሎሜትር ደግሞ 3.3 ኪሎሜትር ማለት ነው። ፊት በመሪው አማካይነት ስሕተቱን ለሁለቱ ጎማዎች ስለሚያካፍለው የቶ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ላይ ይታያል።

አንዱ ጎማ ብቻ ተበልቶ፣ የተበላውም ጠርዝ ለመዳፍ ልስልስ ከሆነ ግን መጠርጠር ያለበት ካምበር ነው፤ ይህም ጎማው ከፊት ሲታይ ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት መጠን ነው። በአንድ ወገን ብቻ የተለወጠ ካምበር ብዙ ጊዜ ጎማውን የሚይዘው ክንድ መጣመሙን ወይም በመጋጠሚያው ያለው ላስቲክ (ጎሚኒ) ማለቁን የሚያሳይ ምልክት ነው። ጥርሱ ዙሪያውን እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ደግሞ የደከመ አሞርቲዛተር (የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው)፣ የላላ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት) ወይም ባላንስ ያልተደረገ ጎማ ይፈለጋል። አንድ ቦታ ብቻ ጠፍጥፎ መበላቱ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይዞር መንሸራተቱን ያሳያል።

አላይመንት ከመነካቱ በፊት ፊቱ በክሪክ ተነሥቶ ጎማው በእጅ ይነቅነቅ። ግራና ቀኙ ተይዞ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ የመሪው ቲራንቴ (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ) ጫፍ፣ ላይና ታቹ ተይዞ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ (የክንዱ ክብ መጋጠሚያ) ላልቷል። የላላ አካል ሳይለወጥ የሚስተካከል አላይመንት በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይፈርሳል።

ልኬቱም በራስ ሊሠራ ይችላል። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግና በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ከፊት በኩል፣ በጎማው እምብርት ከፍታ ይለካል፤ ከዚያ ተሽከርካሪው ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር ወደፊት ተገፍቶ ያው ርቀት ከኋላ በኩል ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ቶ ነው። አካሉ ሜትሩን የሚከለክል ከሆነ ክር ወጥሮ ወይም ሌዘር አስሮ መለካት ይቻላል። ሊታለፍ የማይገባው ነገር ልኬቱ ሰው ተቀምጦበት መደረጉ ነው፤ ሞላው ሲወርድ ቶም ስለሚለወጥ፣ በዚህ ቀላል ተሽከርካሪ ላይ የአሽከርካሪው ክብደት ከመኪና ይልቅ በእጅጉ ይሰማል። ለመኪና ብቻ የለመደ አላይመንት ሠሪ ባዶውን ለክቶ ሲያስረክብ ጎማው እንደገና የሚበላው ለዚህ ነው።

ከፊት አንድ ጎማ ያለው ባለሦስት እግር ቶ የለውም። እርሱ ላይ አንድ ጠርዝ ሲበላ የተጣመመ ፎርክ፣ የላላ የመሪ ኩሽኔታ ወይም የተንጋደደ ቸርኬ ይታያል፤ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ተጣሞ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የኋላው አክስል ከአካሉ ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙ ይመርመር። ስለማያዘነብል መታጠፊያ ላይ ጎማው ወደ ጎን ይገፋል፤ በፍጥነት የመታጠፍ ልማድ ሁለቱንም ጠርዞች እየበላ ክብ ያደርጋቸዋል።

መንስኤው ከታረመ በኋላ አሮጌው ጎማ ለጊዜው መጎተቱንና መንጫጫቱን ሊቀጥል ይችላል፤ የተበላው ቅርጽ አብሮት ስላለ ይህ ሥራው አለመሳካቱን አያሳይም። ጎማው እንደ አብዛኞቹ የመኪና ጎማዎች የ1.6 ሚሊሜትር የመጨረሻ ምልክት ካለውና ከጠርዞቹ አንዱ እዚያ ከደረሰ፣ መሃሉ ምንም ያህል ቢተርፍ ጎማው መለወጥ አለበት። አዲስ ጎማ ከተገጠመ ደግሞ የሦስቱ ቦታ ጥልቀት በዚያው ቀን ተጽፎ ከ1000 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና ይለካ።