የሸጣችሁት ሁሉ ትርፍ አይደለም፣ ለጀማሪ ነጋዴዎች

የትናንሽ ነጋዴዎችን ሂሳብ ነው የምሰራው፣ ሱቅ፣ ቁርስ ቤት፣ ጸጉር ቤት፣ ስፌት ቤት ምናምን። አዲስ የጀመረ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ “ያተርፋል ወይ?” ብዬ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ “አዎ ተመስገን፣ በቀን ስምንት ሺህ ይሸጣል።” የጠየቅኩት ሌላ፣ የተመለሰልኝ ሌላ። በዚህ ነገር ብዙ ጎበዝ ልጆች ሲከስሩ ስላየሁ ነው የምጽፈው፣ ጀማሪ የሚሳሳትባቸውን ሌሎች አባባሎችም እግረ መንገዴን አነሳቸዋለሁ።

ትንንሾቹን ላስቀድም።

“ዋናው ካፒታል ነው።” ብር ያስፈልጋል፣ ማን ይክዳል። ግን ብር ይዘው የሚጀምሩት ግማሹን ለቁልፍ (ቤቱን ለማግኘት ከኪራዩ ሌላ ለሚሰጠው ብር) እና ለስድስት ወር ቅድሚያ ኪራይ፣ የቀረውን ለጂፕሰምና ለመብራት ያደርጉትና በሩ ሲከፈት እቃ መግዣ ያጣሉ። ምንም ባይሸጥ ሶስት ወር ኪራይና ደሞዝ የሚችል ብር ለብቻው አስቀምጡ፣ እሱ ከሌለ ጠበብ ያለ ቤት ተከራዩ።

“ከወንድሜ ጋር ምን ውል ያስፈልጋል።” ከወንድም ጋር ነው በተለይ የሚያስፈልገው፣ የሰጣችሁ ብር ብድር ይሁን ድርሻ ይሁን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

“ፒኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር) ለማቋቋም ሁለት ሰው ግዴታ ነው።” ድሮ ነበር። በ2013 የወጣው የንግድ ህግ (አዋጅ ቁጥር 1243) አንድ ሰው ብቻውን ፒኤልሲ እንዲያቋቁም ፈቅዷል። እስካሁን ግን ለወጉ ብለው የአክስታቸውን ልጅ 5 ፐርሰንት ድርሻ ጽፈውለት፣ ከዛ ለአንድ ፊርማ ውጭ አገር ድረስ ውክልና ሲለምኑ የማያቸው አሉ። ምን አስጨነቃችሁ?

“ያለ ደረሰኝ ስገዛ ይረክስልኛል።” ቫት (ተጨማሪ እሴት ታክስ) ለተመዘገበ ሰው ይሄ ስህተት ነው፣ ቁጥሩን እዩት። እቃው ያለ ደረሰኝ 10,000፣ በደረሰኝ 11,500 ነው እንበል። በደረሰኝ ከገዛችሁ 1,500ውን ከደንበኛ ሰብስባችሁ ለመንግስት ከምታስገቡት ቫት ላይ ትቀንሱታላችሁ፣ 10,000ውም ወጪ ተብሎ ይያዝላችኋል። ያለ ደረሰኝ ከገዛችሁ ወጪው ተቀባይነት የለውም፣ ስለዚህ 10,000ው እንደ ትርፍ ይቆጠርና ግብር ይሰላበታል፣ የግለሰብ ነጋዴ ከፍተኛው እርከን ደግሞ 35 ፐርሰንት ነው። ረከሰ ያላችሁት እቃ 3,500 ሊያስከፍላችሁ ይችላል ማለት ነው። ደንበኛ የሚከፍላችሁ 15 ፐርሰንት ቫትም የናንተ አይደለም፣ የመንግስት ብር እናንተ ጋ አድሮ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ አታደባልቁት።

አሁን ወደ ዋናው፣ “በቀን ስምንት ሺህ እሸጣለሁ” ወደሚለው።

ሳሪስ አካባቢ ቁርስ ቤት የከፈተች አንዲት ልጅ አለች፣ ፉል፣ ፍርፍር፣ እንቁላል፣ ቡና። ቦታው ጥሩ ነው፣ እጇም ጥሩ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ወንበር አይገኝም። ማታ መሳቢያውን ትቆጥርና ደብተሯ ላይ ሁለት ቁጥር ብቻ ትጽፋለች፣ የተሸጠውንና የገባውን አስቤዛ። ከ8,000 ላይ 4,800 ሲነሳ 3,200 ተረፈኝ ትላለች። በዚህ ተማምና ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 1,500 እቁብ መጣል ጀመረች፣ የታናሽ ወንድሟንም የትምህርት ቤት ክፍያ ከዛው ከመሳቢያው ትከፍላለች። ከዛ አንድ ቀን መጥታ “ጋሼ፣ ቤቱ ያተርፋል ግን ብሩ አይታየኝም፣ ሰራተኞቹ ሳይሰርቁኝ አይቀሩም” አለችኝ።

ማንም አልሰረቃትም። ቁጭ ብለን ሰራነው፣ ወሩን 26 ቀን አድርገን። ሽያጭ 208,000፣ አስቤዛ 124,800፣ ኪራይ 30,000፣ የሁለት ሰራተኛ ደሞዝ 12,000፣ ጋዝና ከሰል 6,000፣ መብራትና ውሃ 3,000። የሚቀረው 32,200 ነው። እቁቡ ብቻውን በወር 39,000 ይሆናል! የወንድሟ ትምህርት ቤት ሳይነሳ ገና 6,800 ይጎድላል። ጉድለቱን ማን ሲሸፍነው ነበር ካላችሁ እንቁላልና ዘይት የሚያመጣላት ሰውዬ ነው። ዱቤው በየወሩ ይጨምራል፣ ደብተሯ ላይ ግን እንቁላሉ ስንት እንደሆነ እንጂ ይከፈል አይከፈል የለም። ሰውዬው አንድ ቀን “በቃ ሂሳቤን ዝጊልኝ” ቢላት ቤቱ በዛው ሳምንት ይዘጋ ነበር፣ ወንበር ሙሉ ሆኖ።

ይሄ ሁሉ የሷ ድካም ሳይቆጠር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ ቆማ ነው የምትውለው፣ በሷ ቦታ ሰው ብትቀጥር ቢያንስ 10,000 ትከፍል ነበር፣ ስለዚህ 22,200 ቀረ። ፍሪጁ፣ የቡና ማሽኑና ምድጃው 300,000 ወጥቶባቸዋል፣ አምስት አመት ያገለግላሉ ብንል በወር 5,000 እያረጁ ነው፣ 17,200 ቀረ። ግብሩ ገና ከዚህ ላይ ነው የሚነሳው። እሷ 3,200ን በ26 አባዝታ 83,200 ስታስብ እውነተኛው ትርፍ 17,200 ነበር። እና ይሄ እኮ ለጀማሪ መጥፎ አይደለም፣ ቤቱ በደንብ ያዋጣል! ሊዘጋው የነበረው 83,200 አለኝ ብሎ መኖሩ ነው።

እቃ ነጋዴ ላይ ደግሞ ይሄው ስህተት በሌላ መልክ ይመጣል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። የሞባይል እቃ የሚሸጥ አንድ ደንበኛዬ ያኔ 100 ፓወርባንክ በ1,000 ብር ሂሳብ ገዝቶ ነበር፣ እያንዳንዱን በ1,400 ሸጦ ጨረሰና “40 ፐርሰንት አተረፍኩ” ብሎ በደስታ ደወለልኝ። መልሶ ሊገዛ ሲሄድ አከፋፋዩ 1,600 አለው። በእጁ ያለው 140,000 ብር ነው፣ የሚገዛለት 87 ፓወርባንክ። 100 ይዞ የገባ ሰው 87 ይዞ ወጣ፣ ከተረፈው ብር አምስት ሳንቲም ሳይበላ። ግብሩ ግን መዝገብ ላይ ባለው በድሮው መግዣ ነው የሚሰላው፣ ስለዚህ አተረፍክ ተብሎ ይጠየቅበታል። “በርካሽ ነው የገባኝ፣ በርካሽ ልሽጥ” የሚባል ነገር እንዲህ ባለ ጊዜ አይሰራም፣ ዋጋ የሚወጣው ነገ በሚገዛበት ነው። ሳምንት ሳይሞላ አከፋፋያችሁን ደውላችሁ የዛሬውን ዋጋ ጠይቁ።

ስለዚህ እባካችሁ እንዲህ አድርጉ። ለራሳችሁ ደሞዝ ቁረጡ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በወር አንድ ቀን ውሰዱና ከዛ በኋላ መሳቢያውን አትንኩት፣ ለታክሲም ቢሆን። የሱቁን ብር ከራሳችሁ ብር ለዩ፣ ሌላ የባንክ አካውንት ክፈቱ፣ በቴሌብር የሚከፈላችሁም ወደ ሱቁ ይግባ እንጂ ወደ ግል ስልካችሁ አይግባ፣ ካርድ ሞልታችሁበት ዳታ ገዝታችሁበት በወሩ መጨረሻ ምን እንደገባ አይታወቅም። ደብተሩ ላይ ሁለት አምድ ጨምሩ፣ ያልከፈላችሁት ዱቤና ያልተከፈላችሁ ዱቤ፣ ቅዳሜ ማታ ደምሩት። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፣ ብዙ ሰው ፍሪጅና ማሽን የገዛው በእቁብ ነው፣ ግን መጠኑ ከትርፉ ይነሳ፣ ከሽያጩ ከተነሳ የአከፋፋያችሁን ብር ነው የምትጥሉት። ልጅቷ ከ1,500 ወደ 400 አወረደችው፣ አኮረፈች መጀመሪያ፣ አሁን የእንቁላሉ ዱቤ አልቋል።

አንድ ሳልለው የማልፈው ቀርቶኛል። “ካልሰራልኝ ቁልፉን መልሼ እሄዳለሁ።” ቤቱን ነው የመለሳችሁት፣ ንግድ ፈቃዱን አይደለም። ፈቃዱ እስካልተመለሰ ድረስ በግብር ቢሮው መዝገብ ገና እየነገዳችሁ ነው፣ ቫት የተመዘገበ ሰው ደግሞ ምንም ባይሸጥም በየማሳወቂያ ጊዜው ባዶውን ማሳወቅ አለበት። አንድ ልጅ ሱቁን ዘግቶ ዱባይ ሄደ፣ ከአመታት በኋላ ተመልሶ ሌላ ፈቃድ ላውጣ ሲል ያላሳወቀበት ጊዜ ሁሉ ቅጣትና ወለድ ተደምሮ ጠበቀው፣ ዱባይ ያጠራቀመው አብዛኛው እዛ ላይ አለቀ። ስትዘጉ ካሽ ሬጅስተር ማሽን ካላችሁ አሰርዙ፣ ከግብር ቢሮ ክሊራንስ (ዕዳ የለባችሁም የሚል ወረቀት) ውሰዱ፣ ፈቃዱን ላወጣላችሁ ንግድ ቢሮ መልሱ፣ የመለሳችሁበትን ወረቀት ደግሞ ፎቶ አንሱና ለእናታችሁም ላኩላት፣ ስልክ ይጠፋል።